ስርጉትን ከድመቶች ስጠይቅ

ትናንት ሽማግሌዎቼ ስርጉትን ሊጠይቁልኝ ወጥተው፣ ምን ይሏቸው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሶፋው ላይ ሸለብ አደረገኝና ይህን ሕልም አየሁ።

በሕልሜ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት ራሴ ነኝ። የስርጉት ቤተሰቦች ድመቶች ነበሩ። እነሱ ሶፋ ላይ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ወተት በሰሃን ቀረበልኝ። ባህሉ ነው ብዬ ጎንበስ ብዬ ላስኩ።

መሃል የተቀመጡት የፋርስ ድመት ነበሩ። ጸጉራቸው ከሶፋው ተርፎ መሬት ይነካል፤ ፊታቸው ጠፍጣፋ ነው።

«ለልጅቷ ምኗ ነህ?» አሉኝ በአፍንጫቸው።

«ምኗም አይደለሁም፤ ሰባት ቤት ድረስ አንገናኝም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሁሉም ጆሯቸውን ወደ ኋላ አስተኙ።

«ባዕድ ሆነህ ልጃችንን ትጠይቃለህ? ነውር አታውቅም? እኔና ባለቤቴ የአንድ እናት ልጆች ነን። ይህ አፍንጫ እንዲሁ የተደፈጠጠ መሰለህ? ስንት ትውልድ ተጠንቅቀንበት ነው!»

ፊቷና ጆሮዋ የጠቆረው የሲያም ድመት ወሬ ጀመረች። ስለ ሲያም ነገሥታት አወራች፣ ስለ ሰማያዊ ዓይኗ አወራች፤ የሚያስቆማት ጠፋ። አጠገቧ ስፊንክስ የሚባለው ጸጉር አልባ ድመት ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል።

«ከግብፅ ነህ?» አልኩት።

«ስሜ ነው እንጂ እኔስ የካናዳ ልጅ ነኝ» አለ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ወዲያው ሳሎኑ ታክሲ ሆነ። ድመቶቹ ወንበር ያዙ፣ እኔ ከወንበር ሥር ገባሁ። ረዳቷ አይጥ ናት፤ «ጠጋ በል!» ብላ ጮኸችብኝ። አንዲት ቀጠን ያለች ድመት አጎንብሳ አየችኝ። ጆሮዎቿ ትልልቅ ናቸው፤ እያንዳንዱ የጸጉሯ ዘለላ ሁለት ሦስት ቀለም አለው።

«አቢሲኒያ ነኝ» አለች።

ደስታዬን አልችል አልኩ። «የአገሬ ልጅ! በይ አማልጂኝ! ሰፈርሽ የት ነው?»

«አገርህን አላውቀውም። ስሙን ያወጡልኝ እንግሊዞች ናቸው።» ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝ። «ለነገሩ አንተም አቢሲኒያ አትመስልም።»

የፋርሱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘመድ ሆነህ ና፤ ያኔ እንሰጥሃለን» ብለው ፈረዱ።

ስርጉት በመስኮት ታየኛለች። እንባዬ መጣ።

«ምነው ዘመዷ ባደረገኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

በራሴ ጩኸት ነቃሁ። አጎቴ ጋሽ ዘርጋው ትከሻዬን ይዘው ይነቀንቁኛል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከኋላቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«ምን አሉ?»

«ቆጠርን፣ ቆጠርን፤ አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኛችሁ። የሥጋ ዘመድህ ናት ልጄ፤ አይሆንም።»

«ስርጉትስ?»

«አለቀሰች። አባቷ ግን እንዴት ደስ እንዳላቸው! ‹የጠፋው ዘመዳችን ተገኘ› ብለው እሑድ ለምሳ ጠርተውሃል።»