የዘፈኑ ሹፌርና የኔ ልጅ

ሰው ለዘፈን ያለቅሳል። ይኼ አያስነውርም፤ እኔም ክራር ሰምቼ አልቅሼ አውቃለሁ። የሚያስነውረው በዘፈን ያለቀሱለት ሰው በአካል መጥቶ ደጅ ሲያንኳኳ የሉም ማስባል ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሬስቶራንት ከተደረደረበት ፌርፋክስ ብቅ በሉ። ፓርኪንግ ካገኛችሁ አሳያችኋለሁ።

አቶ ሰይፉ ይባላል። ይባላሉ ልበል፣ ንዴቱ ገና ሳይነሳብኝ። በተማሪነት መጥተው፣ ኢንጂነር ሆነው፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፈረንጆቹ ካንትሪ የሚሉትን ዘፈን፣ በተለይ የትራክ ሹፌር የሚያንጎራጉርበትን፣ እንደ ነፍሳቸው ይወዱታል። ሹፌሩ ሚስቱ ናፍቃው፣ ዝናቡ መስተዋቱን እየደበደበው፣ መንገዱ አላልቅ ብሎት ያዜማል፤ እሳቸው ደግሞ ከሞቀ ሬስቶራንት ውስጥ ተቀምጠው፣ ስልካቸውን በውሃ ጆጉ አስደግፈው፣ እንባቸውን በሶፍት ይጠርጋሉ። «እትዬ ብርቄ፣ የወንድ ልጅ ኑሮ ማለት ይኼ ነው!» ይሉኛል። የትራክ ሹፌሮች ፊልም የተባለውንም በቃላቸው ያውቁታል። ሹፌሮቹ በመኪና ሬዲዮ እየተጠራሩ፣ ለየራሳቸው ቅጽል ስም አውጥተው፣ ፖሊስ የት እንዳደፈጠ እየተነጋገሩ፣ በየከተማው ቡጢ እየገጠሙ ይሄዳሉ። እሳቸው ሲተርኩት አብረው የነዱ ይመስላሉ። ከነዱት ሁሉ ትልቁ የሚስታቸው መኪና ነው።

እንግዲህ የኔ ልጅ ታደሰ ትራክ ይነዳል። በዘፈን አይደለም፤ በእውነት። እሱ የአቶ ሰይፉን ልጅ ሜሮንን ወደደ፣ እሷም ወደደችው፣ እኛም እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክን። ለዘፈን ሹፌር ይህን ያህል የሚያነባ ሰው ለሕያው ሹፌርማ ድንኳን ይተክላል ብዬ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ።

ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የትራክ ሹፌር አውቃለሁ። በየስቴቱ ሴት አለው፣ ፖሊስም ከኋላው አይጠፋም። ልጄን ለመንገድ አልድርም።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ፊልም ላይ ሰክሮ ወንበር የሚሰብረው ፈረንጅ እኔ ነኝ የወለድኩት? የኔ ልጅ በትራኩ ውስጥ ሽሮ እየሠራ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ልጅ ነው።

እናት ለልጇ ሽምግልና አትሄድም፤ ነውር ነው። ሄድኩ።

አቶ ሰይፉ ከተለመደው ቦታቸው አሉ። ዘፈኑም አለ፤ ሶፍቱም አለ።

«ለማነው የሚያለቅሱት?» አልኳቸው፣ ሰላምታም የለኝ።

«ለሹፌሩ ነዋ፣ እትዬ ብርቄ። ብቸኛ ነው እኮ።»

«እሱ ዘፍኖ፣ ብሩን ተቀብሎ ቤቱ ገብቷል! የኔ ልጅ ነው መንገድ ላይ ያለው፤ በርህን የዘጋህበት!» አንቱታው እዚህ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብዬም አላነሳሁት።

ስልኬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ የኛ ልጆች የዚያን የፊልም ሬዲዮ ዞር ብለውም አያዩት። ኮንፈረንስ የሚሉት የስልክ መስመር አላቸው። ሁሉም በአንድ ቁጥር ይገባል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ አንዱ ቴክሳስ ሌላው ሚኒሶታ እየነዳ ቀኑን ሙሉ ያወራል። ታደሰ እኔንም አስገብቶኛል፤ ሲሳደቡ እቆጣለሁ፣ ሲደክማቸው እመርቃለሁ። «ሹፌር እንዲህ ነው፣ ስማ!» ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁ።

አንዱ ምስር ወጥ በቲማቲም ይሠራል አይሠራም ብሎ ይሟገታል። ሌላው ዋዮሚንግ በረዶ ጥሏል፣ ቀስ በሉ ይላል። «እንቅልፍ መጣብኝ» አለ ሦስተኛው። «ፓርክ አድርግና ተኛ፣ አንተ ጀግና! ጭነቱ አያለቅስም!» ብለው ጮኹበት።

አቶ ሰይፉ ቅር አላቸው። «ቅጽል ስም እንኳ የላቸውም?»

ይኼኔ የሴት ድምፅ መጣ። «ታዴ፣ ምሳ በልተሃል? እንዳትዋሸኝ።»

«እህታችን ገባች!» አለ መስመሩ ሁሉ።

ሜሮን ናት። እውነት ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር። ለካ ከነርስነቷ ሥራ በወጣች ቁጥር እዚያ እየገባች፣ ልጄን በወሬ ስታበረታው ኖራለች። የአቶ ሰይፉ ሶፍት ከእጃቸው ወደቀ።

«ሜሪ?» አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

«ጋሼ... እርስዎ ነዎት?» አለ ታደሰ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ እኛም ሽማግሌ ነን። ቆመን ነው የምንለምንዎት» አለ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ወጉን ማወቁ ነው።

«የምን መቆም! እየነዳችሁ አይደል?» አሉ አቶ ሰይፉ። ኢንጂነር አይደሉ?

«እኔ ማረፊያው ጋ ወርጃለሁ፣ ጋሼ።» ነፋሱ በስልኩ ይሰማል። «እኔም ወረድኩ!» አለ ሌላው። የዋዮሚንጉ ደግሞ፣ «እኔ በረዶ ላይ ነው የቆምኩት፤ ቶሎ ይበሉማ፣ እግሬ!»

«አባዬ» አለች ሜሮን ቀስ ብላ፣ «ሰዎቹ ብርድ ላይ ናቸው እኮ።»

አቶ ሰይፉ ዘፈኑን አጠፉት። «ግቡ» አሉ በመጨረሻ፣ «ግቡ በቃ፣ ብርድ ይመታችኋል። ሰጥቻለሁ።»

የትራክ ጡሩምባ በስልክ ሲቀልጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በላተኛው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ዞረ። የሴት ወግ ነውና እኔም እልል አልኩ። ግን አቶ ሰይፉ ፊት የላክናቸውን ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን መስደዳቸው ገና ከሆዴ አልወጣም፤ በንዴት ነው ያልኩት። የንዴት እልልታ ደግሞ ካልሰማችሁ ልንገራችሁ፤ ከደስታው ይበልጥ ይሰማል።