ግድቡ ዳር ያለችው የጣውላ ቤት

እኛ ኮልፌ ያለን ሰዎች ዝም ብለን መንገድ አንወጣም። ወይ ለቅሶ፣ ወይ ሠርግ፣ ወይ ጸበል መኖር አለበት። ውሃ ለማየት ብሎ ሻንጣ የሚያነሳ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃ ለማየትማ ቦኖው መች አነሰን፤ ያውም የመጣ ቀን። እና ጋሽ ታፈሰ ያደረገውን ስነግራችሁ በሰፈሩ አትፍረዱ። የተሳሳትነው በክፋት አይደለም፤ ልምዱ ስለሌለን ነው።

ጋሽ ታፈሰ አጥር የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ነው። ሚስቱ ዘርፌ ትባላለች። ስለ ዘርፌ ምን ልበላችሁ! በርበሬ ለሰው እያዘጋጀች ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ጠዋት የዳቦ ሰልፍ፣ ከዚያ የቀበሌ ሱቅ፣ ከሰዓት የሴቶች ማኅበር ስብሰባ፣ እሑድ የጽዳት ዘመቻ። በመሐል በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል። ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዳ ጓዳ ገብታ ሰሃን ታጥባለች። ወገቧን ይዛ ስታስል ከእኔ ቤት ይሰማል።

አሁን የሆነውን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ እኛ የሰማነው በኋላ ቢሆንም። ጋሽ ታፈሰ በጉልምስናው ከአምቦ ማዶ፣ ገደል ለገደል ተፋጦ በቆመበት አገር፣ ግድብ ሲሠራ የመብራት ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ውሃው ሲገደብ ሸለቆው ሞልቶ ሐይቅ ሆነ። አፋፉ ላይ ፎርማኖች ይኖሩባት የነበረች አንዲት የጣውላ ቤት ቀርታለች። የድሮ ባልደረባው እዚያው ዘበኛ ነው። «ቤቷ ባዶዋን ናት፤ ሚስትህን ይዘህ ና፣ አንድ ሳምንት አየር ተቀበሉ» ብሎ ላከበት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው ማቀድ ብቻ ሆነ ሥራው። አውቶቡሱ የት ድረስ ይወስዳል፣ ከዚያ ወዲያ የጭነት መኪና ነው ወይስ በቅሎ፣ ሲመሽ ይበርዳል ወይ፣ ትንኙስ? ሽሮ የሚሠራው ደግሞ እሱ ራሱ ሊሆን ነው። አዎ፣ ራሱ! ዘርፌ አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ላትሠራ። እንዲህ ያለ ባል በቀበሌ ሱቅ ቢመጣ ኖሮ የስኳሩን ሰልፍ ትቼ እሱ ጋ እሰለፍ ነበር።

ለእሷ አልነገራትም። ያውቃታላ! ብትሰማ «በርበሬውን ለማን ጥዬ?» ብላ እዚያው ታስቀረዋለች። አውቶቡሱ ላይ ከወጣች በኋላ ሊነግራት ነው ያሰበው።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ይለፍ። ያን ጊዜ ያለ ቀበሌ ወረቀት ኬላ ማለፍ የለም። ሄዶ ጠየቀ። ሊቀመንበራችን ጉዳዩ ምንድን ነው አለው። ለዕረፍት ነው፣ ግድቡ ዳር አንዲት የጣውላ ቤት አለች ቢለው ብዕሩን አስቀመጠ አሉ።

«ጓድ ታፈሰ፣ ሰፊው ሕዝብ መቼ ዐረፈና ነው አንተ የምታርፈው?»

«እኔስ ግድ የለም። ለባለቤቴ ነው።»

«እሷስ ከሰፊው ሕዝብ ውጪ ናት?»

በቃ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ወረቀት ባይኖርም ኬላ ድረስ ሄጄ እለምናለሁ ብሎ ቆርጧል። ቢመልሷቸውስ? ዘርፌ ሁለተኛ ከቤት አትወጣለትም።

እኛ ታዲያ ይህን ሁሉ የት እናውቃለን? እኔ የማውቀው አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ያለኝን ነው።

«አስካለ፣ ሐሙስ ገና ሳይነጋ ዘርፌን ይዤ በአምቦ በኩል እወጣለሁ። ዶሮዎቹን እያየሽልኝ። ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት።»

«ምነው ጋሽ ታፈሰ፣ ደኅና?»

«ደኅና ነው፣ ደኅና ነው።»

እስቲ ፍረዱ! እኛ ዘንድ ለሚስቱ እንዳትነግሪያት የሚባለው መቼ ነው? ሰው ሲሞት አይደለም? መርዶ እስኪረዳ ተደብቆ አይደል የሚያዘው? በአምቦ በኩል ደግሞ ዘርፌን ያሳደገቻት አክስቷ አለች። ፋኖስ ይዋሳል፣ ጋቢ ይሰበስባል፣ ልጆቹን አስኮ እህቱ ዘንድ ይልካል፣ ከቀበሌ ፊቱ ጠቁሮ ይወጣል። ምን ቀረ? ለማልቀስ ፈለግሁና ሽንኩርት እየላጥሁ አለቀስሁ፤ ዘርፌ እንዳትጠረጥረኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዝም ካልሁ የምነቅዝ ሴት ነኝ። ለአንድ ሰው ብቻ ነገርሁ፤ ለሊቀመንበሩ ሚስት። እሷ ለሌላው። ረቡዕ ማታ ሰፈሩ ተመካክሮ አደረ። ሳታለቅስ መንገድ ትውጣ? መንገድ ላይ ብትሰማና ብትወድቅስ? አይሆንም፤ ከመውጣታቸው በፊት እናርዳት ተባለ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯ ላይ ቆምን። ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበዋል። ሊቀመንበሩም መጥቷል፤ ለቅሶ ላይ ጓድ የለም፣ ሁሉም ጎረቤት ነው። በሩ ሲከፈት ዘርፌ አየችን። ፊቷ አመድ መሰለ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጄ፣ አክስትሽ...» ከማለታቸው ጩኸቱ ቀለጠ። ክንዷን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ መሬት ልትወድቅ ስትል ደግፌያታለሁ።

ይኼኔ ጋሽ ታፈሰ ከጓዳ ወጣ። ምን አድርጎ ይመስላችኋል? የሰሌን ባርኔጣ ደፍቶ፣ የዓሣ መንጠቆ ይዞ! ዘርፌ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ባርኔጣውን አየችው። ሰው በዚህ ባርኔጣ ለቅሶ አይሄድም።

«ማን ሞቶ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«ማንም። ግድቡ ዳር ቤት አግኝቼ ላሳርፍሽ ነበር። አንድ ሳምንት። ሽሮውንም እኔ ነኝ የምሠራው።»

«አንተ? ሽሮ?»

«እኔ። ግን ይለፍ ከለከሉን።»

ከእኔ በቀር ማንም አልሰማም፤ ሰዉ ደረቱን እየመታ ነው። መሬቱ ተሰንጥቆ በዋጠኝ! ሊቀመንበሩ በዚህ መሐል ጠጋ አለና ከጋቢው ሥር ወረቀት አወጣ። ሚስቱ ነግራው ሌሊቱን ማኅተም አድርጎ ይዞት መጥቷል። «ለለቅሶ ጉዳይ» ይላል።

«ጓድ ታፈሰ፣ ምነው ያን ጊዜ እውነቱን ብትነግረኝ? ሐዘንማ ማን ይከለክላል?» አለና ዘረጋው።

ጋሽ ታፈሰ የዋህ ነው፤ አፉን ከፈተ፣ ሊናገር ነው! ዘርፌ ወረቀቱን አየችው። ባሏን አየችው። ደጅ ላይ የተሰጣውን በርበሬ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ላፍ አደረገችና፣

«ወይኔ አክስቴን! ወይኔ እናቴን!» አለች፤ ከፊተኛው በበለጠ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ተረት አለ። ሞኝነቱን ለሌላ ስጡት! እኔስ ምን ላድርግ? አብሬ ደረቴን መታሁ። ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አውልቄ ከነጠላዬ ሥር የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ሟርት ነው እንዳትሉኝ፤ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ አሮጊቶች።

ኬላ በኬላ ወታደሮቹ «ያጥናችሁ» እያሉ አሳልፈዋቸዋል። ተመልሳ ሹክ ያለችኝን ብነግራችሁ ትቀናላችሁ። ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ተነስቶ ውሃው ላይ ይተኛል አለች። ጸሐይ ስትወጣ ማዶው አምባ ተገልብጦ ሐይቁ ውስጥ ይታያል። እሷ በጣውላው ደጃፍ እግሯን ዘርግታ ታያለች፤ በቃ፣ ታያለች። የመጀመሪያው ቀን እጇ ሥራ አጥቶ ሣር ሲነጭ ዋለ። በሦስተኛው ለመደ። ሽሮው? አይበላም አለች። ግን ጠርጋ በልታዋለች። ሳሏ ጠፍቶ፣ ጉንጯ ሞልቶ መጣች። ሰፈሩ «ሐዘን እንዲህ የሚስማማት ሴት አይተን አናውቅም» ብሎ ተገረመ።

ለፋሲካ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አክስቲቱ ሁለት ዶሮ አንጠልጥላ ከች! በር ላይ የተገናኙት ከማን ጋር መሰላችሁ? ከሊቀመንበሩ ጋር። «እኔ የዘርፌ አክስት ነኝ፣ እንደምን ዋልህ ልጄ» ብላ ሁለት ጉንጩን ሳመችው። ሰውዬው ደርቆ ቀረ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ፣ ዛሬ ጋሽ ታፈሰ ታሰረ አልሁ።

ሊቀመንበሩ ወደ ግራ ቀኝ ገልመጥ አለ። ጋሽ ታፈሰን ወደ አጥሩ፣ ወደ እኔው ጥግ ሳብ አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጓድ ታፈሰ፣ ያቺ የጣውላ ቤት ስንት ሰው ታስተኛለች? የእኔም ሚስት በዚያ በኩል አክስት አለቻት።»