ክቡር ሙሄ አራት ነጥብ ጋ እስኪደርስ

ያ ክረምት ጀሞ ላይ የጣለው ዝናብ ሌላ ነበር። መንገዳችን ተቆፍሮ ስለነበር ታክሲ እስከ ብሎካችን አይገባም፤ ሰው ጫማውን በፌስታል ይዞ በቦቲ ይወጣል፣ በቦቲ ይገባል። እኔን ግን ጭቃው አይደለም ትዝ የሚለኝ። ባዶ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ ጥዬ፣ የሱቁ ደጅ ቆርቆሮ ጩኸት የአንባቢውን ድምፅ እንዳይውጥብኝ ጆሮዬን አስግጌ ሳዳምጥ የነበረው ደስታ ነው። ሰባ ዓመት አልፎኝ እንደ ሕፃን ያቁነጠንጠኝ ነበር። መጽሐፍ እየተነበበልኝ ነበራ። በልጅነቴ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ክረምት ገና ጀመርኩት።

አንባቢ የሚባል ፍጥረት በየሰፈሩ አንድ አለ። ሁለት ቢሆኑ ሰፈሩ አይችላቸውም። ምልክቱ ቀላል ነው። ሰላም ስትሉት መጀመሪያ ጣቱን መስመሩ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ቀና ይላል፣ ከዚያ ማን እንደሆናችሁ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፤ የገዛ ሚስቱም ብትሆኑ። የእኛው ሙሄ ይባላል። «ክቡር» የምትለዋን የጨመርኩለት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ፈቃዱን ሲጠብቅ ባይ ጊዜ፣ ያለ ማዕረግ መጥራቱ ነውር መሰለኝ።

የክቡር ሙሄ ሥራ ንግድ ነው ይባላል። ይባላል የምለው ሲሸጥ ያየው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ከብሎካችን ግራውንድ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ሚስማር፣ ቡሎን፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ቀለም። እኔም እዚያው ግራውንድ ላይ ነው የምኖረው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ሚስማር የሚጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ይገዛል። ችግሩ ያልተነበበ ጋዜጣ ሚስማር አይጠቀለልበትም። ሰው ግማሽ ኪሎ ሲለው ይመዝናል፣ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ከዚያ ዓይኑ እዚያው ተተክሎ ይቀራል። «ይኼ አልተነበበም» ብሎ ሌላ ያነሳል። ያም አልተነበበም። አንድ ቀን ተሳስቶ ግማሹን ብቻ ያነበበውን ወሬ ጠቅልሎ ሰጠና፣ ገዢውን እስከ ታክሲ ተራው ሮጦ ደረሰበት። ሰውየው የሐሰት ብር የሰጠ መስሎት «ወላሂ ከባንክ ነው ያወጣሁት» እያለ ሲምል፣ ክቡር ሙሄ ሚስማሩን በፌስታል ገልብጦለት ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ።

ገጹን የሚያስታውሰው በብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ነው። እንጨት የሚላግበት፣ ያው ሻካራው። ስለዚህ መጽሐፎቹ መሃል መሃላቸው ተፍቆ ነጭ ሆኗል። አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ይሙት ይዳን ልንሰማ ስንል ድንገት ዝም አለ።

«ምነው ሙሄ፣ ምን ሆነ ሰውየው?»

«ተፍቋል እማማ። እርስዎ እንደመሰልዎት አድርገው ይያዙት።»

እኔ አድኜዋለሁ። እስከ ዛሬ በሕይወት አለ።

ታክሲ ውስጥማ ተዉት። ከመካኒሳ ተሳፍሮ ጀሞ ሲደርስ ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ ሌላ ሰው ይሞላል፣ ታክሲው ወደ መካኒሳ ይዞራል፣ እሱ ከነመጽሐፉ መስኮቱ ጥግ ነው። በሦስተኛው ዙር ረዳቱ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ኮንትራት ይዘውናል እንዴ» አለው አሉ። ሚስቱ ቀመሪያ አንድ ቀን አብራው ተሳፍራ፣ እሷ ስትወርድ እሱ ቀርቶ፣ ራት ሠርታ ቀዝቅዞ ነው ቤቱ የገባው። የት ነበርክ ብትለው የመጽሐፉን አገር ስም ጠራላት።

ግን ክቡር ሙሄን ክቡር ሙሄ ያደረገችው አንዲት ቃል ናት። ምንም ብትጠይቁት፣ ምንም ብትቸኩሉ፣ ሳይቆጣ ሳይነጫነጭ «አራት ነጥብ ጋ ልድረስ» ይላል። ዛሬ የሰፈሩ ልጆች እናታቸው ሱቅ ስትልካቸው እሷኑ ነው የሚመልሱላት።

ቀጄላን ጠይቁት። ቀጄላ የቧንቧ ሠራተኛችን ነው፣ የፉሪ ሰው፤ አባቱ እስከ ቅርብ ጊዜ እዚያው ያርሱ ነበር፣ እሱም ጠዋት ከብቶቹን አይቶ ነው ወደኛ የሚመጣው። አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ቧንቧ ፈነዳና ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ረጥቦ ሱቁ ደረሰ።

«ሙሄ፣ የግማሽ ኢንች ቫልቭ፣ ቶሎ።»

«አራት ነጥብ ጋ ልድረስ።»

ያን ዕለት የሚነበበው ደራሲ ደግሞ አራት ነጥብ የሚሰስት ሰው ነበር። ነጠላ ሰረዝ ያደርጋል፣ ይቀጥላል፤ ድርብ ሰረዝ ያደርጋል፣ አሁንም ይቀጥላል። እኔ ጣሳዬ ላይ ሆኜ ትንፋሽ አጠረኝ። ቀጄላ ደረጃውን ወጥቶ ተመለሰ።

«ሙሄ፣ ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ገብቷል።»

«እኔም ልደርስ ነው።»

«የት?»

«ጫፉ ላይ።»

ውሃው ቀደመው። በሱቁ በር ሥር ሲገባ ክቡር ሙሄ እግሩን አንስቶ ወንበሩ እርከን ላይ አደረገና ቀጠለ። እኔም እግሬን አንስቻለሁ፣ መዋሸት ምን ያደርግልኛል። ቀጄላ ቫልቩን ራሱ ከመደርደሪያው ፈልጎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቡሎኑ የት፣ ኮላው የት እንዳለ ከባለቤቱ ይልቅ ያውቃል።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። እኔ መሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፣ ቀበሌ አዳራሽ፣ ልጅ አዝዬ። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን የእኔ ንባብ ዳገት ነው፣ የመስመሩ ጫፍ ስደርስ መነሻው ይጠፋኛል። አሁን ደግሞ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ያን ሰሞን የበር ማጠፊያ ልገዛ ገብቼ ዝናብ ያዘኝ። ክቡር ሙሄ ሲያነብ ከንፈሩ ያንሾካሽካል። አንድ ቃል እሰማለሁ፣ አምስቱ ያመልጠኛል። ሲበዛብኝ «ምን ታንሾካሹካለህ፣ እንደ ሰው ጮክ በል እንጂ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ የቀለም ጣሳ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረልኝ። ማጠፊያውን ሳልገዛ ቀረሁ፤ በሬ እስከ ዛሬ ይንጫጫል።

መጽሐፉ ከጡብ ይወፍራል። ከባሏ ቤት ተቀይማ የወጣች ሴት ታሪክ ነው። ብዙ አገር ዞራ፣ ብዙ ነገር አይታ፣ ልጇ ናፍቋት ስትመለስ ወንዝ ዳር ትደርሳለች። ወንዙ ሞልቷል። ትሻገራለች ወይስ ወደመጣችበት ትዞራለች? ልክ እዚህ ላይ መስከረም ጠባ፣ መንገዱ ተሠራ፣ ሰው ሁሉ ግንባታ ጀመረ። ገዢ በገዢ ላይ ሆነ። ክቡር ሙሄ ከፍቶ ሁለት መስመር ሳያነብልኝ አንዱ «ሲሚንቶ አለ?» ይላል። ግንቦት ሲገባ ያቺ ሴት አሁንም ወንዝ ዳር ቆማለች። እኔስ ጉልበቷ አሳዘነኝ።

ከዚያ አረፋ ደረሰ። በአረፋ የሰፈራችን ሱቅ ግማሹ ይዘጋል፤ ባለሱቆቹ ወደ አገራቸው፣ ወደ ቡታጅራና ወራቤ ይገባሉ። ክቡር ሙሄ ግን «አገር ቤት እገባለሁ» አላለም። እንደ ቢሮ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ «ዘንድሮ ዕረፍት እወጣለሁ» አለ።

«ዕረፍት ምን ልታደርግ?»

«እናቴ ግቢ ትልቅ ዋንዛ አለ። ከሥሩ ተጋድሜ መጽሐፉን እጨርሰዋለሁ። ሲሚንቶ አለ የሚለኝ ሰው በሌለበት።»

«የትኛውን መጽሐፍ?»

«ያንን።»

አብረን እንጨርሰዋለን ተባብለን አናውቅም። ቃል አልገባልኝም፣ እኔም አላስገባሁትም። «ይቅናህ» አልኩትና ገብቼ በሬን ዘጋሁ። በሩም ተንጫጫ። ቀመሪያ በግድግዳው ማዶ ሻንጣ እያዘጋጀች «ሰው ለእናቱ ልብስ ይዞ ይገባል፣ የእኔ ባል ጡብ ይዞ ይገባል» ስትል ይሰማኛል።

ሱቁ በተዘጋበት ሰሞን ምግብ አልጣመኝም። አሁን ተሻግራለች እላለሁ። አሁን ልጇን አቅፋዋለች፣ ሙሄ ብቻውን አይቶታል እላለሁ። ቀጄላ መጥቶ ከተዘጋው በር ፊት ቆመ።

«መቼ ነው የሚመጣው፣ እማማ አማከለች?»

«ሌላ ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ሄጄ ነበር። ቶሎ ሰጡኝ፣ ደስ አላለኝም።»

የመጡ ለት ቀድማ የገባችው ቀመሪያ ናት፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ነው የገባው። ክቡር ሙሄ ግን ፊቱን ጥሎ ባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠ። ጣሳዬን ሳብኩና ልቤን አጠንክሬ ጠየቅሁት።

«እህ፣ ተሻገረች?»

«አንድ ገጽ አላነበብኩም እማማ።»

የሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋንዛው ሥር ተጋድሞ መጽሐፉን ይከፍታል። እናቱ ከደጅ ሆነው ያዩታል። በዓል ነው፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እየበላ እየተጫወተ፣ ልጃቸው ብቻውን ዛፍ ሥር አንገቱን ደፍቷል። «ልጄን ከተማ ምን አደረጉት» ብለው ወንድሙን ይልኩለታል፣ ያጫውተው ብለው። ወንድሙ እስኪመሽ አጫወተው። በማግስቱ ጎረቤት መጣ፣ የጎረቤት አማች መጣ። በዚያ አገር የተከዘ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ተራ ገብተው ያጫውቱታል። ሦስተኛው ቀን ሼህ መጥተው ዱዓ አደረጉለት።

«እያነበብኩ ነው አላልካቸውም?» አልኩት።

«አልኩ እንጂ። አጎቴ አብደላ ምን ገጠመህ አሉኝ። ምንም፣ እያነበብኩ ነው አልኳቸው። እሱንማ እያየን ነው፣ የገጠመህን ንገረን አሉኝ።»

ከዚህ በኋላ ወሬውን ቀመሪያ ተቀበለችው። አንድ ሰው በአረፋ ብቻውን ከተቀመጠ ከሚስቱ ተጣልቷል ማለት ነው ብለው፣ ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ አስነጥፈው ባልና ሚስቱን ሊያስታርቁ ተቀመጡ።

«አልተጣላንም ብላቸው ማን ይስማኝ» አለች። «አትደብቂን፣ ልጃችን እየተሰቃየ ነው ይሉኛል። እነዚያን የሚያህሉ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንዲያው ባዶውን ከሚነሱ ብዬ፣ ያለኝን ተናገርኩ።»

«ምን ተናገርሽ?»

«የጎርፉን። የሚስማሩን። ታክሲ ውስጥ የረሳኝን። ስናገር ጊዜ ለካ ብዙ ነበር፣ እማማ። አለቀስኩ ሁሉ።»

ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። ክቡር ሙሄ የሚስቱን ግንባር ስሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደ፤ መጽሐፉም ታስሮ እናትየው ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ቁልፉም እሳቸው አንገት ላይ። የቀረውን ዕረፍቱን ከአጎቱ ጋር ስለ ከብት ዋጋ ሲያወራ ጨረሰው። እኔ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። እኔ የማርያም ልጅ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፣ ቀመሪያ ትከሻዬን ደገፈችኝ። ክቡር ሙሄም ሲያየን ቆይቶ፣ ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ጨዋታው እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ቀመሪያ ግድግዳው ሥር ልብስ ስታሰጣ ጠጋ ብዬ «ለመሆኑ መጽሐፉን መቼ መለሱለት?» አልኳት፣ ለጨዋታ ያህል።

«ስንሳፈር። እናቱ በእጃቸው ሰጡት።»

«ታዲያ መንገዱን ሙሉ አውቶብስ ውስጥ ምን ሲያደርግ መጣ?»

ልብሱን ማስጣቷን ትታ አየችኝ። «እሱ እኮ ነው የገረመኝ። ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮት ሲያይ መጣ። ምነው፣ አሁንማ ማን ከለከለህ ስለው፣ እማማ አማከለች የሉም አለኝ።»

ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ። ታክሲ ውስጥ የገዛ ሚስቱን የሚረሳ ሰው ነው እንግዲህ። እስከ ዛሬም መስማቴን አልነገርኩትም፤ ብነግረው አፍሮ የሽማግሌዎቹ ጥፋት ነው ማለቱ አይቀርም።

አሁን እንደገና ክረምት ገብቷል። ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ገዢ ቀንሷል፣ ጣሳዬ ቦታዋ ላይ ናት። ትናንት ያቺ ሴት ቀሚሷን ሰብስባ አንድ እግሯን ወንዙ ውስጥ እንዳስገባች ቀጄላ ከደጅ መጣ፣ ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሙሄ፣ ቫልቭ።»

ክቡር ሙሄ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ቀና ሊል ሲል እጁን ያዝኩት።

«አራት ነጥብ ጋ ይድረስ» አልኩ እኔ።

ቀጄላ እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። ካፖርቱን አወለቀና ሌላ ጣሳ ገልብጦ ተቀመጠ። «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለ።

የሚፈልገው ሰው ካለ፣ ሙሄ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ትናንት ከሰዓት በኋላ ጀሞ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ባንኮኒው ጀርባ ነው። ለቀጄላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮለት ነበር።