የዶክተር ውባንቺ ማሽን መርካቶ ሄዷል

በየመንግሥት ዩኒቨርሲቲው «አይሠራም» ሲሉት ደሙ የሚፈላ አንድ መምህር አይጠፋም። የሳይንስና የምህንድስና ምርምር አቅም ሊገመግም ለተላከው ለብሥራት፣ በዕጣው የደረሱት ክብርት ዶክተር ውባንቺ ነበሩ።

ብሥራት ቤተ ሙከራቸው ሲገባ የብረት መፈተኛው ማሽን ቦታ ባዶ ነው።

«ማሽኑስ?»

«መርካቶ።»

«ተሸጠ?»

«አታሟርት፣ ልጄ! ሊታከም ነው የሄደው።»

ብሥራትን አጅበው የገቡትን ዲን ላብ አጠመቃቸው። «አዲሱን ያሳዩት እንጂ!» አሉ በሹክሹክታ። አዲሱ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ የሚገጥመው ባለሙያ ጠፍቶ፣ ከነሳጥኑ አቧራ የሚጠጣ ማሽን ነው።

«ያልተወለደ ልጅ አላስመርቅም!» አሉ ዶክተሯ ጮክ ብለው።

ብሥራትን አስከትለው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገቡ። ማሽኑ ያለበት ቶርኖ ቤት የሙናዊር ነው። ዶክተሯ ከከባድ መኪና ክሪክ ያበጁትን ማሽን ፈታትቶ፣ ብረት የሚነክስበትን የተሰነጠቀ መንጋጋ በአዲስ ብረት ይቀርጽላቸዋል። እሳቸው በጣታቸው ይዳስሱና «እንደገና!» ይላሉ።

«እትዬ ውባንቺ፣ ለመኪና ቢሆን እኮ ይሄኔ ናዝሬት ደርሷል!»

«ለመኪና አይደለማ። ተማሪዎች ለሚተኙበት ፎቅ ነው። እንደገና!»

ለካ ግቢው ውስጥ ለሚሠራው ማደሪያ የመጣውን ፌሮ ተጠራጥረውታል። ማሽኑ የተሰበረው ያንን ሊፈትሹ ሲሉ ነው፤ ኮንክሪቱ ደግሞ ነገ ይሞላል። ስልካቸው ጮኸ። ዲኑ ናቸው።

«ዶክተር፣ ግምገማው ይለፍና እናየዋለን።»

«ፎቅ ሲወድቅ ግምገማው አልፏል ወይ ብሎ አይጠይቅም!» ጆሯቸው ላይ ዘጉባቸው።

አመሻሹ ላይ መንጋጋው ገጠመ። ከቦርሳቸው ቁራጭ ፌሮ አውጥተው አስነከሱት፤ ብሥራት የክሪኩን እጀታ እንዲመታ ታዘዘ። የመለኪያው መርፌ ሊደርስበት ከሚገባው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ፌሮው ጧ! አለ። ሌላ አስነከሱ። እሱም ጧ! መንገደኛው ተሰብስቦ ሲያጨበጭብ ዶክተሯ ፊታቸው አመድ መሰለ። እዚያው ቆመው የሕንፃው መሐንዲስ ጋ ደወሉ።

የኮንክሪቱ ሙሌት ቆመ። ዲኑ ሰላምታ ነፈጓቸው። የብሥራት አለቃ ደግሞ «በግምገማው የሚቆጠረው የተገዛ ማሽን ብቻ ነው» አሉት።

«የማይሠራውን ቆጥሬ የሚሠራውን ልተው? አላደርገውም!» አለ ብሥራት። የዶክተሯን ማሽን ቆጠረው።

ማሽኑ ወደ ግቢ በሚመለስበት ጠዋት፣ ብሥራት ማንም ሳይልከው በሙናዊር ቶርኖ ቤት ደጃፍ ተገኘ። ዶክተሯ አይሱዙው ላይ ቆመው ጫኞቹን ያመናጭቃሉ።

«ደግሞ ምን ልትገመግም መጣህ?»

«ምንም» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ። «የቱ ጋ ልያዝ?»

«በከባዱ በኩል!»

ብሥራት ደስ ብሎት ጎንበስ አለ።