«በሞቴ ልግፋህ!»

እንደኛ አገር ሰው «እምቢ» የሚባል ቃል ጆሮው የማይገባ ፍጡር ካለ እስቲ አሳዩኝ! «ጠግቤያለሁ» ስትሉ፣ «በሞቴ!» ተብሎ ጉርሻው አፋችሁ ውስጥ ነው። በምግብ ብቻ ይመስላችኋል? እኔን ብስክሌት ላይ አጉርሰውኛል!

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን በራሽን፣ ሳሙና በሰልፍ... እኔ ደግሞ ከጣሊያኖች የተረፈች አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነበረችኝ። ቁልቁለት ላይ ንፋስ ናት፤ የቀጨኔ ዳገት ላይ ግን ካቴናዋ እየዘለለ ልቤን ታወልቀዋለች። በየማታው እየገፋኋት፣ ሱሪዬን ግራሶ አልብሼ ቤት እገባለሁ። አንድ ቀን የባለቤቴ የብዙነሽ ትዕግሥት አለቀ።

«በዚህ የሳሙና እጦት! ለቆራሌው ነው የምሸጣት!»

«ተይ እንጂ! ላሠራትና ዳገቱን ከላይዋ ሳልወርድ እወጣዋለሁ!»

«እግርህ መሬት ሳይረግጥ፣ ሰው ሳያግዝህ ከወጣህ ትቀመጥ። ካልሆነ ቅዳሜ የቆራሌው ናት!»

ብስክሌት ሠሪው ጋሽ ከድር ጋ ሮጥኩ። ካቴናዋን ብቻ እንዲቀይሩልኝ ስለምናቸው የኋላውን ማርሽ እያሳዩ ሳቁብኝ።

«ጥርሱ አልቆ የለም እንዴ! አዲስ ካቴና በድድ ይያዛል?»

ሁለቱንም ቀየሩልኝ። ማርሹን ደግሞ ሰፊ፣ ጥርሱ የበዛ መረጡልኝ። «ዳገቱ ይቀልልሃል፤ ግን ብዙ ትረግጣለህ፣ ጥቂት ትሄዳለህ» አሉኝ። ይሁና!

አቤት አወጣጥ! ትንፋሽ ሳያጥረኝ፣ ደረቴን ነፍቼ... እግሬ እንደ ስፌት መኪና ይፈጥናል፤ ብስክሌቷ ግን ከእግረኛ እኩል ነው የምትሄደው። ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። ጎረቤታችን እማማ ስንዱ ከኋላ ደረሱብኝ።

«ውይ ልጄን! ይረግጣል ይረግጣል፣ አልሄድ አለችው!»

«ደህና ነኝ እማማ፣ አይግፉኝ!»

«ምን ይሉኝታ ነው እቴ? በሞቴ!» ኮርቻውን ይዘው ገፉኝ።

«በማርያም ይተዉኝ!» ስል ጭራሽ አዘኑልኝና መንገደኛውን ተጣሩ። አንድ ሸማኔ ሮጦ መጣ። «አንድ ያጣላል!» ብሎ ደገመኝ። ቀጥሎ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና፣ «ጓድ፣ በኅብረት እናወጣሃለን!» አለ። ጠመንጃ ላነገተ ሰው «አትግፋኝ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላልኩም።

ብዙነሽ በር ላይ ቆማለች። እንደ ሙሽራ ታጅቤ ስደርስ ሳቋ አመለጣት።

«ቅዳሜ!» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፣ ያቺን ብስክሌት እወዳት ነበር።

«ቅዳሜ ምንድን ነው?» አለ አብዮት ጠባቂው። ነገረችው። ግንባሩን ቋጠረ።

«ሰፊው ሕዝብ ላቡን አፍስሶ ያወጣትን ብስክሌት ማን ነው የሚሸጣት?»

«እውነቱን ነው! አትሸጥም!» ብለው እማማ ስንዱ እልል አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። አይ ሞኝነቴ!

ከማግስቱ ጀምሮ የገፋ ሁሉ በሬን ያንኳኳ ጀመር። «ብስክሌታችንን ለአንድ ጉዳይ ነበር...» ሸማኔው ጋቢ ጭኖ ሽሮ ሜዳ ይመላለስባታል። ጠባቂው ስብሰባ ይሄድባታል። እማማ ስንዱ እንኳ እህላቸውን ወፍጮ ቤት ያስልኩባታል። እኔስ? ኧረ እኔንም አልረሱኝም! በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተራ ይደርሰኝ ነበር።