ለሐዘንተኛ የሚሆን ፍሬም

ባልና ሚስት በመጨረሻዋ ቀን ቁም ነገር ያወራሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ወይ አላገባም፣ ወይ ፊልም ያበዛል። እኔና ባለቤቴ ይበልጣል ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የብስክሌት ካቴና ማጠብ ነው። እሱ የኋላውን ጎማ ከመሬት ከፍ አድርጎ ይዟል፤ እኔ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ካቴናውን እፈትጋለሁ። ወሬያችንም ስለ ፍቅራችን አልነበረም።

«አልሙኒየም ይሻላል ወይስ ካርቦን?» አለኝ።

«ትናንትም ጠይቀኸኛል።»

«ምን አልሽኝ?»

«አንዱን ግዛና ገላግለኝ አልኩህ።»

«እሱማ መልስ አይደለም!» ብሎ ጎማውን ሲያሽከረክረው ጥቁሩ ቅባት ፊቴ ላይ ተረጨ። ሳቀብኝ። ተሳደብኩ። በዱቄት ሳሙና ታጥበን ገባን። በማግስቱ ጠዋት አልነቃም… አንድ ቀን እንኳ ራሴን አመመኝ ያላለ ሰው!

ብስክሌት የማይነካካ አንባቢ ካላችሁ፣ ፍሬም ማለት ጎማው፣ መሪው፣ ኮርቻውና ፔዳሉ ሲወልቅ የሚቀረው አጥንት ነው። የይበልጣል ኮርስ ብስክሌት አጥንቱ የድሮ ብረት ነው። ከከተማችን ከደብረ ማርቆስ ሉማሜ ድረስ ነድቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ ብስክሌቱ እሱን ተሸከመው ወይስ እሱ ብስክሌቱን ተሸከመው የሚለው ጉዳይ እቤታችን ያልተዘጋ ክርክር ነበር። ፍሬሙን ልቀይር ነው ማለት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በአልሙኒየምና በካርቦን መካከል ሲዋልል ጸጉሩ ሸበተ።

«እኔን ለማግባት ስትወስን እኮ አንድ ክረምት እንኳ አልፈጀብህም!» ብዬው ነበር።

«ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት አልቀረበልኝም» አለኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ታናሽ ወንድሙ ሙሉቀን፣ የአዲስ አበባው፣ በረንዳው ላይ የቆመውን ብስክሌት ሲያይ ቆየና «እትዬ፣ ይሄን ነገር ምን እናድርገው? ፈላጊ አለ፤ እንሽጠው?» አለኝ።

«እኔ ልነዳው ነው» አልኩ።

ሊያጽናኑኝ ከመጡት ሴቶች አንዷ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ «እንቅልፍ ይወስዳታል?» ስትል ሰማኋት። «እግዜር ያጽናት» አለች ሌላዋ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያለቀስኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ መጀመሪያ የምሬን የተናገርኩ ቀን አበደች ተባለ።

አላበድኩም። ብስክሌት መንዳት አውቃለሁ። ከመጋባታችን በፊት ይበልጣል ራሱ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኳስ ሜዳ አስተምሮኛል። ችግሩ የእሱ ፍሬም ለእሱ ቅልጥም የተሠራ መሆኑ ነው፤ እኔ ብወጣበት እግሬ ፔዳሉ ላይ አይደርስም። ስለዚህ አነስ ያለ ፍሬም ተገዝቶ የእሱ ጎማ፣ የእሱ ፍሬን፣ የእሱ መሪ ይገጠምበታል። እሱ የያዘውን መሪ መያዝ እፈልግ ነበር። እሱ የነፋው ጎማ መንገድ ላይ እንዲዞር እፈልግ ነበር። የፈለግሁት ይኸው ነው።

ሙሉቀን ክፉ ሰው አይደለም። «እሺ እትዬ። ነገ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ፍሬሙን ይዤ እመለሳለሁ። ግን ዛሬውኑ ወስኚ። እንደ ጋሼ ይቆይ የምትዪ ከሆነ፣ እዚህ ቆሞ ዝጎ ከሚያልቅ ብንሸጠው ይሻላል» አለኝ። «እኔን ካልሽ ደግሞ… ካርቦን!»

በዚህች ቃል ለቅሶ ቤቱ ተከፈለ። ታውቃላችሁ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ስለ ሟች ደግነት ካወራ በኋላ ወሬ ያጥረዋል። ስለ ዝናቡ ይላል፤ ስለ ማዳበሪያው ይላል፤ ከዚያ ጣራ ያያል። እኔ ቤት ግን እግዜር ርዕስ ሰጠው! ብስክሌት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሁሉ አፉን ሞልቶ ይከራከር ጀመር። የአልሙኒየም ወገን መሪው ኢድሪስ ነው፤ ገበያው አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጥ የይበልጣል ወዳጅ። እሱም ሊያጽናናኝ ነበር የመጣው።

«ካርቦን እኮ በአንድ ጣት ይነሣል!» አለ ሙሉቀን፣ ትንሿን ጣቱን አቁሞ።

«ሰው ብስክሌት የሚገዛው ሊነዳው ነው ሊያነሣው?» አለ ኢድሪስ።

«ክብደት ነዋ! አቀበት ላይ ግማሽ ኪሎ መቀነስ ማለት ቀላል ነገር መሰለህ?»

«ግማሽ ኪሎ?» አለና ኢድሪስ የሙሉቀንን ቦርጭ ቀስ ብሎ አየው። ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

እኔ ግን አይቻለሁ። ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ብጭንም ትከሻዬ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ሴቶቹ ያለቀስኩ መሰላቸው። «አይዞሽ፣ ይውጣልሽ!» ብለው አብረውኝ ይነፋረቁ ጀመር። እነሱ ሲያለቅሱ የእኔም ሳቅ ወደ እውነተኛ ለቅሶ ዞረ… ለቦርጭ እንዲህ የተለቀሰበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

እንባችን ሲደርቅ ክርክሩ ቀጠለ።

«ቲቸር፣ አልሙኒየም ይያዙ» አለኝ ኢድሪስ። «የእኛ አገር መንገድ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ስለሆነ ነዋ!» ሙሉቀን ጮኸ። «አልሙኒየም እየነዘረ ወገቧን ይጨርሰዋል። ካርቦን ንዝረቱን ውጦ ያስቀረዋል!»

ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው የሚሰሙት የሰፈራችን የለቅሶ አዛዥ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ማን መቼ እንደሚያለቅስ፣ ማን እስከ መቼ ጥቁር እንደሚለብስ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እኔ የምፈራውም እሳቸውን ነው። በዚህ ዕድሜዋ፣ ያውም ባሏ በሞተ ማግሥት፣ ሴት ብስክሌት ላይ ትወጣለች? ብለው ነገሩን ከሥሩ ይነቅሉታል ብዬ ተጨንቄያለሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጥቁሩ የትኛው ነው?» አሉ።

«ምን አሉ እትዬ?» አለ ሙሉቀን።

«ከሁለቱ ጥቁሩ የትኛው ነው?»

«ካርቦኑ።»

«ያኛውስ?»

«እንደ ብር ያበራል» አለ ኢድሪስ፣ ሊሸጥ እንደፈለገ ሰው። ያን ጊዜ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

«ታዲያ ምን ያከራክራችኋል? ሙት ዓመቱ ሳይወጣ በሚያብለጨልጭ ነገር ላይ ተቀምጣ በአደባባይ ልትታይ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«እትዬ… ብስክሌት መንዳቴስ?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«እሱን ምን አልኩ? ሐኪሙ ተንቀሳቀሱ እያለን አይደል? እኔ ያልኩት ቀለሙን ነው!»

እስቲ ፍረዱኝ! ክብደቱ፣ ንዝረቱ፣ ጥንካሬው፣ ባለቤቴን ያሸበተው ጥያቄ ሁሉ በአንድ አፍታ ተዘጋ። ካርቦን አሸነፈ፤ ሐዘን ገብቶት ስለተገኘ! ሙሉቀንም ወዲያው የባህል ጠበቃ ሆኖ ቁጭ አለ። «ትክክል ነው! ባህላችንን ማክበር አለብን!» ይላል፣ በቀብሩ ማግሥት ቢጫ ሹራብ ለብሶ የታየው ሙሉቀን።

«ቢወድቅስ?» አለ ኢድሪስ ተስፋ እንደቆረጠ። «ድንጋይ ቢመታውስ? ለምን አትነግራቸውም?»

ሙሉቀን በድል ላይ ስለነበር ቃላት አልመረጠም። «እሱ እንኳ ያው ነው… ከውጭ ምንም አይታይበትም። ደህና ይመስላል። ውስጡ ከተሰነጠቀ ግን አንድ ቀን በድንገት ቀጭ ብሎ…»

ያለውን ራሱ ሰማውና አቆመ። ቤቱም ሰምቶታል። ማንም ወደ እኔ አላየም።

«አልሙኒየሙስ ሲመታ?» ብዬ ኢድሪስን ጠየቅሁት።

ኢድሪስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ብዙውን ጊዜ ይሰረጎዳል፣ ቲቸር። ሲጎዳ ያዩታል።»

ከውጭ ምንም ሳይታይበት የተሰበረ እኔ ቤት አንድ ነበረ፤ ይበቃኛል። «አልሙኒየም» አልኩ።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ግን ሐዘኔ ቢገባቸውም ሥርዓት ሥርዓት ነው። «ያብለጨልጫላ!» አሉ።

«እናጠቁረዋለን፣ እትዬ» አልኳቸው።

እንደተባለውም ሆነ። ፍሬሙ መጣ፤ ኢድሪስ የይበልጣልን ዕቃ አንድ በአንድ ገጠመበት፤ ከዚያ እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁር ጨርቅ ቀደው፣ ቁስል እንደሚያሽግ ሐኪም፣ ከመሪው ሥር እስከ ኮርቻው ጠቀለሉት። «በሙት ዓመቱ አብራችሁ ታወልቃላችሁ» ብለው መረቁን፤ እኔንም ብስክሌቱንም።

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ከተማው ደነገጠ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ብስክሌቱ። የጭነት መኪናዎች ክላክስ ሳይነፉ፣ ቀስ ብለው፣ አስከሬን እንደሚያልፍ ሁሉ ጥግ ይይዙልኛል። አገሩን ሁሉ በጡሩምባ የሚያደነቁር የባጃጅ ሹፌር እንኳ እኔን ሲያይ ሙዚቃውን ይቀንሳል። የትራፊክ ሕግ ያላመጣውን ሥርዓት አንድ ክንድ ጥቁር ጨርቅ አመጣው!

ባለፈው ከድልድዩ ወዲያ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ወደቅሁ። ጉልበቴን ሳላይ ጨርቁን ገልጬ ፍሬሙን አየሁት። የአውራ ጣት ያህል ተሰርጉዷል። ደስ አለኝ። ኢድሪስ ጋ ወስጄ አሳየሁት፤ መረመረና «ምንም አይልም፤ ይንዱ» አለኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ አማኑኤል ከተማ በሚወስደው መንገድ እነዳለሁ። አቀበት ሲሆን ወርጄ እገፋለሁ። ሜዳው ላይ ስደርስ እንደገና እወጣለሁ።