ካርቲየ ስድስትን ያስከተለች የባዶ ሆድ ሩጫ

ድሮ ሰው የሚሮጥበት ምክንያት የታወቀ ነበር። ወይ የሚያባርረው አለ፣ ወይ የሚያመልጠው ነገር አለ። ውሻ፣ ፖሊስ፣ ዝናብ፣ አውቶቡስ! ከነዚህ ውጪ የሚሮጥ ጤነኛ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ሰው ከገዛ ሆዱ ለማምለጥ ይሮጣል። የት ሊደርስ ነው? እኔ እንደሆንኩ ሞክሬዋለሁ። ሆዴ አብሮኝ ሮጠ፤ እንዲያውም ከፊት ከፊት እየቀደመ መንገድ ያሳየኝ ነበር።

የዚያን ጊዜ ውፍረቴን አላያችሁትምና ልንገራችሁ። በር ላይ ስቆም ቤት ይጨልማል። ታክሲ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ በመስታወቱ ያየኝና ሌላ ሰው የመጫን ሐሳቡን ይተዋል። ታዲያ በጅቡቲ ይሄ ነውር እንዳይመስላችሁ! እኛ ሰፈር፣ ካርቲየ ስድስት ውስጥ፣ ሥጋ ያላት ሴት የተከበረች ናት፤ ቤቷ ሙሉ ነው፣ አሳቢ አላት ይባላል። አጥንቷ የወጣ ሴት ስታልፍ ነው ሰው ከንፈር የሚመጠው።

ይህን ክብሬን ዘወትር የምትነግረኝ ካድራ ነበረች። ካድራ ጫት ሻጭ ናት። ጠረጴዛዋን የምትዘረጋው ከትንሿ ምግብ ቤቴ ግድግዳ ሥር፣ ጥላው ላይ ነው። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል፤ ስትቀልድ በአማርኛ፣ ስትቆጣ በሶማሊኛ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰው ሲመጣባት ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው። ጎረቤት ሆና ጀምራ እህቴ ሆነች። «ወላል» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ እኔም «ወላል» እላታለሁ። ምሳችንን የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ እኔ ስጾም ደግሞ ጾሜን እስክፈታ ድረስ ትሪው ላይ እጇን አታሳርፍም። እስላም ሆና እኔን ጠብቃ ትራባለች፤ እንዲህ ያለች ሰው ነበረች። ልጇ ሆዳን ያደገችው እኔ ጀርባ ላይ ነው።

ያን ዓመት ሆዳን ልታገባ ሆነ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ካድራ እጄን ያዘችና፣ ዘነቡ፣ በዕለቱ ከጎኔ ቆመሽ ከእናቶቹ ጋር የምትጨፍሪው አንቺ ነሽ፣ እንዳታሳፍሪኝ አለችኝ። እኔ ደስ ብሎኝ እልል አልኩ። እልልታው ሲያልቅ ጉልበቴ ትዝ አለኝ። የሶማሌ ሠርግ ጭፈራ እኮ እስክስታ አይደለም፣ በትከሻ ብቻ አታመልጡትም! ባለፈው ሠርግ አንድ ዘፈን ሳልጨርስ ትንፋሼ ተቆርጦ በካርቶን ሲያራግቡልኝ፣ ሙሽራዋን ትተው እኔን ነበር የሚያዩት። በሆዳን ሠርግ ይሄ እንዲደገም እንዴት እፈቅዳለሁ? እከሳለሁ አልኩ። ለካድራም አልነግራትም፤ በሠርጉ ቀን እንደ ሚዳቋ ስዘል ታየኛለች!

ምነው ያኔ በነገርኳት ኖሮ! ከዚች «ምነው» ጋር እስከ ዛሬ አብሬ አድራለሁ።

ብልሃቱን ያመጣችልኝ የእህቴ ልጅ ጽጌ ናት። ጽጌ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ ፈረንሳዮች ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች፣ አርብ አርብ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ማዳሟ እንደ ክር የቀጠነች ሴት ናት አሉ። በየጠዋቱ ቁርስ ሳትቀምስ ባሕር ዳር ወጥታ ትሮጣለች። ምስኪን፣ ቁርስ እስኪደርስላት መታገስ አቅቷት ነው? ብዬ ጠየቅኩ። ጽጌ ሳቀችብኝ። አይደለም አክስቴ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ሰውነት የሚያቃጥለው ነገር ያጣና የራሱን ስብ ማቃጠል ይጀምራል አለችኝ። እንደ ሻማ? አልኳት። እንደ ሻማ አለችኝ። እንግዲያ እኔ ለአንድ ደብር ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ሻማ ተሸክሜ ነው የምዞረው!

ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነበር። እኔ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም። እስቲ ፍረዱኝ፤ ማዳም የምትሮጠው ቁርሷን ልትበላ ስትል ነው። የኔ ቁርስ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ታዲያ እኔ የምሮጠው መቼ ሊሆን ነው? በስምንት! ማዳም የምትመካበት ባዶ ሆድ የአንድ ሌሊት ባዶ ነው፤ የኔ ሆድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የሚደርስበትን ባዶነት የሷ ሆድ በሕልሙም አያውቀውም። ጽጌ ልትከራከረኝ ሞከረች። አክስቴ፣ ፀሐዩስ? አለች። ፀሐዩማ ያግዘኛል፣ ስብ በምን ይቀልጣል ብለሽ ነው? አልኳት። ራሷን ወዘወዘች። እኔም ያሳመንኳት መስሎኝ ኮራሁ። በማግስቱ የማዳምን አሮጌ የስፖርት ጫማ ላከችልኝ።

እዚህ ላይ ስለ ጅቡቲና ስለ ስምንት ሰዓት ትንሽ ማለት አለብኝ። በዚህ ከተማ ከቀትር በኋላ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጫት። ጫቱ በየቀኑ ከኛ አገር ከኢትዮጵያ በሰባት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። መኪኖቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ ለሻጮቹ ያከፋፍላሉ፣ ወንዱ ሁሉ እሽጉን በብብቱ ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ከተማዋም ጸጥ ትላለች። ከዘገየ ግን ወዮላችሁ! ሐራራው ይነሣል፣ ወዳጅ ከወዳጁ ይጣላል። ያን ጊዜ ሞባይል እንዳሁኑ በየሰው እጅ አልገባም፤ ወሬ የሚመጣው በእግር ነበር። ወሬ የሚያውቀውስ ማን ነው? እኔ ነኛ! ከኢትዮጵያ የሚመጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁሉ የሚበሉት እኔ ቤት ስለሆነ፣ ጫት በዘገየ ቁጥር ሰው ፊቴን ነው የሚያየው፤ እኔ እንደሆንኩ ስለ ጫት ከፍየል የተሻለ አላውቅም።

ያን ዕለት ጫቱ ዘገየ። በስምንት ሰዓት የካድራ ደንበኞች ጠረጴዛዋን ከበው ቆመዋል፣ አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ይሳደባል፣ ካድራ ባዶ ጠረጴዛዋ ላይ ክንዷን ጥላ በጆሮዋ ጥሩንባ ትጠብቃለች። በዚህ መሀል ነው እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ የማዳምን ጫማ አጥልቄ፣ ከምግብ ቤቴ በር ብቅ ያልኩት። አማተብኩ። ሮጥኩ!

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ያቺ ከወንበር ለመነሣት ሁለት ሰው የምትለምን ዘነቡ፣ የሾፌሮቹ ዘነቡ፣ ጫት በዘገየበት ሰዓት እንደ ጥይት ስትተኮስ!

መጀመሪያ አንድ ሰው ሽርጡን በአንድ እጁ ሰብስቦ ተከተለኝ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ከየጥላው ሥር የተኛው ሁሉ ተነሣ። ከኋላዬ የነጠላ ጫማ ድምፅ በረከተ። «መጣ! መጣ! ዘነቡ አውቃለች!» ይላሉ። እኔ ምን መጣ ብዬ ልጠይቅ? ላብሽ እስኪወርድ እንዳትቆሚ ብላኛለች ጽጌ። መጀመሪያ የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ቀጥሎ፣ ለካ ሌላውም ሰው ስብ አስጨንቆት ኖሯል ብዬ አዘንኩላቸው። ዞር ስል ግን ግማሽ ሰፈር ዓይኑን አፍጥጦ እየመጣብኝ ነው! ፈራሁ፣ ፈጠንኩ። እኔ ስፈጥን እነሱ ልትቀድመን ነው ብለው ይብሱን ፈጠኑ። እነሱ ሲፈጥኑ እኔ ሊገድሉኝ ነው አልኩ። ማዳም እንዲህ ያለ አሯሯጭ ብታገኝ ኖሮ የዓለም ሻምፒዮን በሆነች!

ካርቲየ አራት ስደርስ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ዓይኔም ተጋረደ። አንድ ጥላ ታየኝ፣ ከጥላው ሥር ጠረጴዛ አለ፣ ጠርዙን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። የማን ጠረጴዛ መሰላችሁ? የሩቅያ! ሩቅያ የካድራ ጣውንት ናት። ባልየው በኋላ ያገባት፣ ካድራ በስሟ ጠርታት የማታውቅ፣ «ያቺ» የምትላት ሴት። በመጥፎ ዕድሌ፣ የጫቱ መኪና ያን ዕለት መጀመሪያ የገባው ካርቲየ አራት ኖሮ፣ ሩቅያ ገና ጆንያዋን እየፈታች ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁት እጅ ብቻ ነው። ካርቲየ ስድስት በሙሉ በራሴ ላይ እጁን እየዘረጋ ከሩቅያ ገዛ። ሩቅያ ጆንያዋ ባዶ ሲሆን፣ ውሃ ስትሰጠኝ በጾም ልጠጣ እንደማልችል ስነግራት ጆጉን አናቴ ላይ አፍስሳ ግንባሬን ሳመችኝ። አላህ ይባርክሽ እህቴ አለችኝ፣ ሕዝብ እየሰማ።

እያነከስኩ ስመለስ የካድራ ጫት ደርሷል፤ የሩቅያ ምርቃት ወሬም ቀድሞኝ ደርሷል። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ሰው የለም። ጫት ደግሞ እንደ ሽንኩርት ነገ ይሸጣል የሚባል አይደለም።  ካድራ እያየኋት ጆንያውን ፈታችና የሰፈሩን ፍየሎች ጠራች። እሽግ እሽጉን እየፈታች ስታበላቸው፣ ወላል ምን እያደረግሽ ነው? አልኳት። ያኔ ነው ቀና ያለችው። ከጣውንቴ ጋር የተዋዋልሽው ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። በአማርኛ አለችኝ፤ ግን አልቀለደችም።

እውነቱን ነገርኳት። ስቤን ላቃጥል ነው የሮጥኩት አልኩ። ሰው እንዲህ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም፣ ደስታ የሌለበት ሣቅ ነው። «ውሸትም እኮ ወግ አለው ዘነቡ! ሥጋዋን ልታባርር የምትሮጥ ሴት የት አገር አይተሻል? ምናለ ደህና ውሸት ብትፈልጊልኝ!» አለች። ማልኩ። በማርያም አልኩ። በሆዳን ስል ግን አፌን በእጇ ከደነችው፤ የልጄን ስም እንዳታነሺ አለችኝ። በማግስቱ ጠረጴዛዋን ከግድግዳዬ ሥር አንሥታ ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ጥላዬን እንኳ ጠላችው።

ሽማግሌ ላክሁ። የሰፈሩ ሐጂ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፣ ሁለታችንንም አስቀምጠው ሰሙን። ጽጌን ምስክር አድርጌ አቀረብኩ። ማዳም በየጠዋቱ ሳትበላ እንደምትሮጥ መሰከረች። ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱና፣ ማን እያባረራት ነው? አሉ። ማንም አለች ጽጌ። ባሏ ምን ይላል? አብሯት ይሮጣል። ሐጂ ካድራን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ችግር አለ፣ እንጸልይላቸው፣ ይሄ ግን ማስረጃ አይሆንም ብለው ተነሡ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቼ ታምኜ አውቃለሁ፤ እውነት ተናግሬ እንዲህ የተዋረድኩበት ቀን ግን የለም።

ሠርጉ ደረሰ። አልተጠራሁም። ድንኳኑ የተተከለው ከበሬ ማዶ ነው፣ ከበሮው ግድግዳዬን እየነቀነቀ ይገባል። ምግብ ቤቱን ዘግቼ፣ ጭፈራውን በጆሮዬ ተከተልኩት፤ አሁን እናቶቹ ተነሡ፣ አሁን ካድራ መሀል ገባች፣ አሁን ከጎኗ ባዶ ነው እያልኩ። ሆዳን በድብቅ አንድ ሳህን ሐልዋ፣ የሠርጉን ጣፋጭ፣ ላከችልኝ። እኔ ሐልዋ እምቢ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ጉሮሮዬ አላወርድ አለ።

ከዚያም በኋላ አላወርድ አለ። ከአንድ ትሪ ለሁለት የለመደ እጅ ለብቻው ሲሆን ይሰንፋል ለካ። አንድም ቀን ሳልሮጥ ሥጋዬ ተነሥቶ ሄደ። ቀሚሴ ከትከሻዬ ይወርዳል፣ ታክሲው ከኔ ሌላ ሦስት ሰው ይጭናል። ሰፈሩ ከንፈሩን ይመጥልኝ ጀመር። ካድራ ማዶ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። አንድ ቀን ይራራልኝ ይሆናል ልቧ ብዬ ስጠብቅ፣ ለሴቶቹ ያለችውን ነገሩኝ። «አላልኳችሁም? ንጹሕ ሰው እንዲህ አይከሳም። ሕሊናዋ ነው እየበላት ያለው።»

እንዲህ ከሆነማ! ንጹሕ ሰው የሚወፍር ከሆነ እወፍርላታለሁ አልኩ። እያነቀኝ በላሁ፣ እያለቀስኩ ጎረስኩ። ሩዝ በዘይት፣ ገንፎ በቅቤ፣ ሾፌሮቹ ያስተረፉትን ሳይቀር። ጠዋት በልቼ እተኛለሁ፣ ተነሥቼ እበላለሁ። ጉንጬ ሞላ፣ ትከሻዬ ተመለሰ፣ በሬ ላይ ስቆም ቤቱ እንደገና ጨለመ። ያን ጊዜ ሆን ብዬ ወንበሬን አውጥቼ፣ በካድራ ትይዩ፣ በሙሉ ንጽሕናዬ ተቀመጥኩ።

ካድራ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ። ወደ ሴቶቹም ዞረችና፣ «አያችሁ?» አለች። «አሁን ደግሞ ያቺ እየቀለበቻት ነው።»